ደራሲዋን አጅቦ ሲፍሪያ መሄድ

ግብዣ በየዓይነቱ ይደርሰናል። ሠርጉን፣ ባር ሚጽቫውን፣ ተዝካሩን፣ የልጆቻችንን የወታደር መሐላ እንዴት እንደምንሄድበት ማንም አያስተምረንም። ምን እንደሚለበስ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ ፖስታው ውስጥ ስንት ሸቀል እንደሚገባ እናውቃለን። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ ዓይነት ግብዣ መምጣት ጀምሯል። በዕብራይስጥ የተጻፈ ነው፤ የመጽሐፍ ሽፋንና የአንዲት ሴት ፎቶግራፍ አለበት፤ በልጅ ስልክ በኩል ይመጣል። ፎቶግራፏን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት የእኅታችሁ ልጅ ናት፣ ወይም ምራታችሁ፣ ወይም የገዛ ልጃችሁ። «በዚህ ቀን በሲፍሪያ መጽሐፏን ታነባለች፤ ኑ» ይላል።

ያን ጊዜ አብዛኞቻችን የምንመልሰው አንድ ነው። «እሰይ፣ ደስ ይላል፤ ግን እኔ ምን ይገባኛል? እናንተ ሂዱ።»

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህች «እናንተ ሂዱ» ስለምትባል ቃል ነው። ባለቤቴ ደራሲ ናት። የልጅነቷን ነገር በዕብራይስጥ ጽፋ ካሳተመች ወዲህ እሷን እያጀብኩ በሰሜንም በደቡብም ሰባት ሲፍሪያ ሄጃለሁ። ካርቶን ተሸክሜያለሁ፣ ወንበር ደርድሬያለሁ፣ መልስ ቆጥሬያለሁ፤ ከሁሉም በላይ ግን አስተርጉሜያለሁ። ካየሁት ተነሥቼ የምላችሁ ይህን ነው፦ መጽሐፉ በዕብራይስጥ ቢጻፍም፣ ታሪኩ የደረሰባቸው ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ከሌሉ ንባቡ ጎዶሎ ይሆናል። እነዚያ ሰዎች እናንተ ናችሁ።

ልጆቻችን መጻፍ ከጀመሩ ቆይተዋል

ከእኛ መካከል በዕብራይስጥ የሚጽፍ ሰው መገኘቱ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። አስፉ ብሩ «ያሬአሕ አሔር» የተባለ የአጫጭር ልብ ወለዶች መጽሐፍ አሳትማለች፤ «ሌላ ጨረቃ» ማለት ነው። ኦምሪ ተጋምላክ አበራ በ2008 «አስተራይ» የተሰኘ ልብ ወለድ አወጣ። ዳሊያ ቤቶሊን ሸርማን ደግሞ በ2013 የአጫጭር ልብ ወለዶች መጽሐፍ አሳተመች፤ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ዓለም እንዴት ነጭ ሆነች» እንደ ማለት ነው። ሌሎችም አሉ፤ ግጥም የሚጽፉ፣ ለሕፃናት የሚጽፉ፣ የሱዳንን መንገድ ታሪክ የሚጽፉ።

«ለምን በአማርኛ አይጽፉትም?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባለቤቴ ከኢትዮጵያ ስትወጣ የ8 ዓመት ልጅ ነበረች። ማንበብና መጻፍ የተማረችው እዚህ አገር፣ በአሌፍ ቤት ነው። በአማርኛ ትስቃለች፣ በአማርኛ ትቆጣለች፤ ብዕር ስታነሣ ግን የሚመጣላት ዕብራይስጥ ነው። እኩዮቿም አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ስለ እናቷ የጻፈችውን መጽሐፍ እናቷ ልታነበው አትችልም። እናት በየገጹ አለች፤ መጽሐፉ ግን ለእናት ዝግ ነው። ይህን ነገር ቀላል አድርገን ማየት የለብንም። የሲፍሪያው ምሽት ይህ በር ከሚከፈትባቸው መንገዶች አንዱ ነው።

ምሽቱ ምን ይመስላል?

ሄዳችሁ ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሲፍሪያ፣ በአማርኛው ቤተ መጻሕፍት፣ የኢሪያው ወይም የሞአጻው ነው። መንግሥት በ1975 ስለ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ራሱን የቻለ ሕግ አውጥቷል። ቤቱ የነዋሪው ሁሉ ስለሆነ እናንተም የአርኖናው ከፋዮች እንግዶች አይደላችሁም።

ንባቡ ብዙውን ጊዜ የሚደረገው ማታ፣ ሰው ከሥራ ከተመለሰ በኋላ ነው። መደርደሪያዎቹን ገፋ ገፋ አድርገው ሠላሳ አርባ ወንበር ያስቀምጣሉ። ፊት ለፊት ትንሽ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ድምፅ ማጉያ። በአንዱ ወንበር ደራሲዋ ትቀመጣለች፤ በሌላው የምትጠይቃት ሴት፣ አንዳንድ ጊዜም ራሷ የሲፍሪያው ሠራተኛ። ትንሽ ይጨዋወታሉ፤ ደራሲዋ አንድ ሁለት ገጽ ታነባለች፤ እንደገና ይጨዋወታሉ፤ ከዚያ ሕዝቡ ይጠይቃል። በመጨረሻ መጽሐፍ የሚገዛ ገዝቶ ያስፈርማል። በጠቅላላው አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ብስኩትና ሻይ አይጠፋም፤ እኛ ስንሄድ ዳቦና ቆሎ ይዘን እንሄዳለን፤ እስካሁን የተረፈ ቆሎ መልሰን አናውቅም።

የአጃቢው ቦታ የት ነው? መጀመሪያ የሄድንበት ከተማ፣ ስሙን ልተወውና፣ እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ የሚመጡትን ሽማግሌዎች እጠብቅ ነበር። አንዲት ሴት መጣችና ሳትናገር ቦርሳዋን ከፍታ አሳየችኝ። ሾሜር መስያት ነው። ብዙ ዘመን ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ግን ለዘበኝነትም ክብር አለኝ። «ቦርሳሽ ደኅና ነው፤ ግቢ። ደራሲዋ ባለቤቴ ናት» አልኳት። ፊቷ ቀላ። በኋላ ሁለት መጽሐፍ ገዛች። ይህን የምነግራችሁ እንድትሥቁም ነው፣ እንድትዘጋጁም ነው። አዳራሹ ውስጥ ከኛ ወገን ብዙ ሰው ሲኖር እንዲህ ያለው ነገር ይቀንሳል። ባሏ፣ እናቷ፣ አጎቷ በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠው ሲታዩ ማን የማን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ንባብ የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ አያውቅም

«አይገባኝም» ለሚለው ምክንያት መልሴ ከአባቶቻችን ሥርዓት ነው።

አባቴ ቄስ ነበሩ። እኔ ጠዋት በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ በሳቸው እግር ሥር ነው ያደግሁት። ለበዓል ወደ ሌላ መንደር ሲጠሩ ኦሪቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አቅፌ የምከተላቸው እኔ ነበርኩ። ብራና ስለሆነ ይከብዳል፤ ዝናብ እንዳይነካው፣ መሬት እንዳያርፍ አደራ ነው። ለሰግድ ተራራው ላይ ሲወጡ ከኦሪት ዘጸአትና ከነህምያ በግእዝ ያነቡ ነበር።

እስቲ አስታውሱ። ያን ሁሉ ግእዝ ከቆመው ሕዝብ ስንቱ ይሰማው ነበር? ከቄሶቹና ከደብተሮቹ በቀር እጅግ ጥቂት ሰው ነው። ከንባቡ በኋላ ግን ቄሱ ያነበቡትን ራሳቸው ወይም አጠገባቸው ያለው ካህን በአማርኛ፣ ትግርኛ በሚነገርበትም በትግርኛ ይተረጉመዋል። እናቶቻችን «ግእዝ አላውቅም» ብለው ከተራራው ሥር አልቀሩም። ጾመው፣ ድንጋይ ተሸክመው ወጡ፤ ንባቡን በዜማው ሰሙ፣ ትርጓሜውን በልባቸው ያዙ። ዛሬም በ29 ሔሽቫን ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ላይ ይኸው ሥርዓት ይደረጋል። በ2008 የወጣው ሕግ ሰግድን የአገር በዓል ያደረገው እነዚያ ያልተማሩ የምንላቸው ሰዎች ሳያቋርጡ ስለወጡ ነው።

እንግዲህ እኛ በማናነበው ቋንቋ የሚነበብ መጽሐፍ ፊት መቀመጥ የምናውቅ ሕዝብ ነን። አንባቢ አለ፣ ተርጓሚ አለ፣ ሰሚ አለ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ንባብ አይባልም። ሲፍሪያ ውስጥ አንባቢዋ ልጃችሁ ናት። ተርጓሚው ባሏ፣ ወንድሟ፣ ወይም ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ የልጅ ልጅ ነው። የሰሚው ወንበር የናንተ ነው።

ከቤት ከመውጣት በፊት

ትልቁ ሥራ የሚሠራው ከአዳራሹ በፊት፣ እቤት ውስጥ ነው።

እኛ ገመና ሸፋኝ ሕዝብ ነን። ያየነውን ሁሉ አንናገርም፤ «ሆድ ይፍጀው» ብለን እናልፋለን። ልጆቻችን ደግሞ «ካልተናገርነው ይታመማል» በሚል አገር አድገዋል። በዚህ ምክንያት በመጽሐፉ የተነሣ የተኳረፈ ቤት አውቃለሁ። አጎት ስሙን ሰምቶ ተቆጣ፤ አክስት «የኛን ረኃብ ለሰው ሁሉ ነገረች» አለች። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቁጣው ከተጻፈው ነገር አይመጣም። ሳይነገረው በሰው ፊት መስማቱ ነው ሰውየውን የሚያቆስለው።

ስለዚህ ባለቤቴና እኔ አንድ ሥርዓት ይዘናል። ለንባብ የመረጠችው ገጽ ውስጥ በሕይወት ያለ ሰው ካለ፣ ገጹ ለዚያ ሰው አስቀድሞ በአማርኛ ይነገረዋል። እሷ በዕብራይስጥ ታነባለች፣ እኔ እመልሰዋለሁ። «ይህን አታንብቢው» ካለ በዚያ ምሽት አይነበብም። መጽሐፉ ውስጥ መኖሩና አደባባይ ላይ በድምፅ መነበቡ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። መጽሐፉን የፈለገ ብቻውን ያነበዋል፤ አዳራሹ ውስጥ ግን ሰውየው ራሱ ተቀምጧል።

አማቴ ዘንድ የሄድነው በዚህ መንገድ ነው። ባለቤቴ ከሁሉ በላይ ማንበብ የምትፈልገው ገጽ ስለ ታናሽ ወንድሟ ነበር። በ1984 ከጎንደር ገጠር ተነሥተው ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ ሱዳን ገቡ። ኡም ራኩባ ሰፈር ውስጥ፣ ዝናቡ በወረደበት ወራት፣ ልጁ ታሞ ሞተ። 5 ዓመቱ ነበር። ስሙ በመጽሐፉ ስላለ እዚህ አልደግመውም። ከናንተ መካከል ኡም ራኩባን የምታውቁ ብዙ ናችሁ፤ የቀበራችሁትንም እናንተ ታውቃላችሁ። ባለቤቴ፣ እናቷ ልጁን በራሷ ነጭ ነጠላ ጠቅልላ እንደቀበረችው ጽፋለች። የ8 ዓመት ልጅ ዓይን ያየው እሱን ነው።

ገጹን በአማርኛ ነገርናት። አማቴ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ባለቤቴ «እማዬ፣ ላንብበው ወይስ ልተወው?» ስትላት፣ «አንብቢው። ስሙን ጮክ ብለሽ ጥሪው» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ማንም አልተናገረም።

ነጠላው የማን ነበር?

ንባቡ የተደረገው በመሐል አገር በምትገኝ ከተማ ነው። አማቴን በመኪና አመጣናት፤ ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች። ፊተኛው ረድፍ አስቀምጠናት እኔ ከጎኗ ሆንኩ።

ባለቤቴ ገጹን አነበበች። የወንድሟን ስም እንደተባለችው ጮክ ብላ ጠራች። እኔ ተነሥቼ በአማርኛ ባጭሩ ተናገርኩት፤ በአዳራሹ ከኛ ወገን አሥር የሚሆኑ ሽማግሌዎችና እናቶች ነበሩ። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ የምትጠይቃት ሴት «እናትየው አንድ ቃል ቢሉን?» አለች። ተረጎምኩላት። እንደማትናገር እርግጠኛ ነበርኩ። አማቴ ግን ምርኩዟን ይዛ ተነሣች።

«ነጠላው የኔ አልነበረም» አለች፣ ለልጇ ዞራ። «የኔን አንቺን አልብሼሽ ነበር፤ አንቺም በንዳድ ትንቀጠቀጪ ነበር። ሁለተኛ ልጅ እንዳልቀብር ፈርቼ ካንቺ ላይ አላነሣሁትም። እሱን የጠቀለልንበት ነጠላ የጎረቤታችን ነው። ከላይዋ አውልቃ ሰጠችኝ፤ እሷ ሌሊቱን በብርድ አደረች። እቤት ስታነቡልኝ ዝም ያልኩት ለኛ ለቤተሰብ መስሎኝ ነው። እዚህ ግን ሰው ሁሉ ሰማ። ያቺ ሴት ሳትመሰገን መቅረት የለባትም።»

ይህን ወደ ዕብራይስጥ መመለስ የኔ ሥራ ነበር። «ነጠላ» ለሚለው ቃል ዕብራይስጥ የለውም፤ እንዳለ «ነጠላ» ብዬ ተውኩት፣ ሁሉም ገባው። ባለቤቴ 40 ዓመት ሙሉ የማታውቀውን ነገር በዚያ ሰዓት ሰማች፤ የእናቷን ነጠላ ለብሳ የዳነችው እሷ ነበረች። ወዲያው አልተናገረችም። እርሳስ አነሣችና በእጇ ባለው መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ጻፈች። ከዚያም የዚያችን ሴት ስም እናቷን ጠየቀቻት፤ እናቷ ነገረቻት፤ አዳራሹ ሁሉ ሰማው። ሁለተኛው እትም ሲወጣ ይገባል።

ውድ ወላጆች፣ ይህ እርማት ከየትም መዝገብ አይገኝም። በሱዳን መንገድ ለወደቁት በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሟል፤ በየዓመቱም በኢየሩሳሌም ቀን፣ በ28 ኢያር፣ እንሰበሰባለን። ነገር ግን ነጠላዋን ያወለቀችውን ሴት የሚያውቅ አማቴ ብቻ ነበረች። «እናንተ ሂዱ» ብላ እቤቷ ብትቀር ኖሮ መጽሐፉ እንደተሳሳተ፣ ያቺም ሴት ሳትታወቅ ይቀሩ ነበር። የዚህች አገር ሕግ ማንኛውም አሳታሚ መጽሐፍ ሲያወጣ 2 ቅጂ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እንዲያስገባ ያዝዛል። በክኔሴት ፊት ለፊት፣ በ2023 በተከፈተው አዲሱ ሕንፃ፣ መጽሐፉ ለልጅ ልጅ ይቀመጣል። ኡም ራኩባ ላይ ድንጋይ ያልቆመለት ልጅ ስሙ ኢየሩሳሌም ውስጥ አለ። እንግዲያስ ትክክል ሆኖ ይኑር። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ስሕተቱም አብሮ እንደሚወረስ እያወቁ ነው።

ለአጃቢዎች፣ በተለይ ለባሎች

አሁን ደግሞ ለወንዶች ትንሽ ቃል አለችኝ። እኛ ባደግንበት አገር በአደባባይ የሚናገረው ወንዱ ነው፤ ሚስት ከጓዳ ሆና ታዳምጣለች። ዛሬ እሷ ጠረጴዛው ላይ፣ እኛ ወንበሩ ላይ ነን። «የደራሲዋ ባል» ተብለን እንጠራለን። ይህን ስም ለመሸከም የሚከብደው ወንድም አይቻለሁ፤ ሚስቱ ስትጠየቅ ቀድሞ ይመልሳል፣ ዓመተ ምሕረት ያርማል፣ «እኔ ነኝ የነገርኳት» ይላል። ሰሚው ወዲያው ይታዘበዋል። የቄስ ልጅ ሆኜ ስለ ተርጓሚ የተማርኩት አንድ ነገር አለ፤ የተነበበውን ይተረጉማል እንጂ ንባቡን አይቀማም።

ይልቅስ ለአጃቢ የሚሆን ብዙ ሥራ አለ። አስቀድማችሁ ለሲፍሪያው ሠራተኛ ደውላችሁ «አማርኛ ተናጋሪ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ከየገጹ በኋላ ሁለት ደቂቃ ለትርጉም ስጡን» በሏት። እስካሁን እምቢ ያለን የለም። አራት ገጽ የሚነበበው ሁለት ይሆናል፤ ዕብራይስጥ ተናጋሪዎቹም አማርኛውን በጸጥታ ይሰማሉ፣ አንዳንዱ እንዲያውም ደስ ይለዋል። በጆሮ ሹክ እያሉ መተርጎም ግን አይመከርም፤ ሽማግሌው ግማሹን ይሰማል፣ አጠገቡ ያለው ይረበሻል። ቃል በቃል አትተርጉሙ፤ ማን፣ የት፣ ምን ሆነ የሚለውን ተናገሩ፤ ሰው የተናገረው ቃል ካለበት ግን እንዳለ አድርሱት።

ጆሮው የደከመውን ከድምፅ ማጉያው አቅራቢያ አስቀምጡት። ለደራሲዋ ውኃ ይኑራት። ዝርዝር ሸቀል ያዙ። በፊርማው ሰዓት ከጎኗ ሁኑ፤ ምክንያቱም ሰው የሚሰለፈው ለፊርማ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ የራሱን ታሪክ ይዞ ይመጣል፤ እጇን ይዞ «እኔም በዚያ መንገድ…» ብሎ ይጀምራል። ከኢትዮጵያ ያልመጣውም እንዲሁ ነው፤ አንድ የሞሮኮ ሽማግሌ ስለ እናቱ ሲነግራት መጽሐፉን ከፍቶ ማስፈረም ረሳው። ሰልፉ እንዲሄድ፣ ሰውየውም እንዳያዝን፣ «አባባ፣ ኑ ከኔ ጋራ እንቀመጥ» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለቤቴ ፊደል ስለማታውቅ መጀመሪያ ለሁሉም በዕብራይስጥ ትፈርም ነበር። አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ የኔን ስም በፊደላችን ጻፊልኝ፤ ያንን ብቻ ነው የማነበው» አሏት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እቤት ውስጥ ከኔ ጋራ ሀ ሁ ትቆጥራለች። ቀስ ብላ ነው የምትጽፈው፤ «ጸ»ን እስካሁን ትፈራዋለች። ነገር ግን ለሽማግሌዎች ስማቸውን በአማርኛ ጽፋ ትሰጣለች። ሰልፉ ይዘገያል፤ ይዘግይ።

ስለሚነሡ ጥያቄዎች

ከአዳራሹ የሚመጡ ጥያቄዎች አንዳንዶቹ ያማሉ። «ኢትዮጵያ ሳላችሁ መጽሐፍ አይታችሁ ታውቁ ነበር?» ያለ አጋጥሞናል። አትቆጡ፤ አትነሡም። ለደራሲዋ ተዉላት። ባለቤቴ «አማቼ ቄስ ነበሩ፤ ባለቤቴ ልጅ ሆኖ የተሸከመው የብራና መጽሐፍ ከዚህ ጠረጴዛ ይከብዳል» ብላ መለሰች። አዳራሹ ሣቀ፤ ጠያቂውም ከምሽቱ በኋላ ስለ ኦሪት ሊጠይቀኝ መጣ። ስለ ዘረኝነትም ይጠየቃል፤ እሱን የሚመልስ ሰው የራሱን እንጂ የሌላውን ቁስል እንዳይናገር ይጠንቀቅ። ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት ያዩትን ለናንተ ያልነገሯችሁን ነገር በዚያ ሰዓት ልትሰሙ ትችላላችሁ። ከሰማችሁ እዚያው አትጠይቁ፤ በመኪና ስትመለሱ ጠይቁ። እኛ ቤት ብዙ ነገር የተነገረው በመመለሻው መንገድ ላይ ነው።

መሄድ ለማትችሉስ?

እግር የከለከለው፣ ከተማው የራቀበት ወላጅ አለ። መጽሐፉን እቤት አስመጡት። ሰንበት ከምሳ በኋላ የልጅ ልጃችሁ ሁለት ገጽ በዕብራይስጥ ያንብብና ባወቀው አማርኛ ይንገራችሁ። አማርኛው ይሰባበራል፤ አትሣቁበት፣ አቃኑለት። የተሳሳተ ነገር ስትሰሙ «እሱስ እንዲህ አልነበረም» ብላችሁ ንገሩት። በሰንበት ስለማይጻፍ በቃል ይያዘውና ሰንበት ከወጣ በኋላ ይጻፈው፤ ለደራሲዋም ይደውልላት። እንዲህ ያለ ስልክ ከተለያየ ከተማ ይደርሰናል፤ ባለቤቴ አንድ ደብተር ለዚሁ ብቻ ገዝታለች።

የዕብራይስጥ መጽሐፍ ሳምንት በየዓመቱ በሰኔ ወር ግድም ይከበራል። በ1926 በቴል አቪቭ በአንድ ጎዳና ላይ የተጀመረ ነገር ዛሬ በየከተማው ይደረጋል፤ ሲፍሪያዎችም በዚያ ሰሞን ደራሲ ይጋብዛሉ። ስለዚህ ግብዣው ወደናንተ መምጣቱ አይቀርም። ልጃችሁ ወይም ምራታችሁ ስትደውልላችሁ «እናንተ ሂዱ» ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቋት። «የምታነቢው ገጽ የትኛው ነው?» በሏት። «ነገ ማታ ነይና መጀመሪያ ለኔ አንብቢልኝ።» ከዚያ ቀሚሳችሁን፣ ጋቢያችሁን አዘጋጁ፤ መኪና የሚመጣበትን ሰዓትም ጠይቁ።